የአረፋ ማዕድ በመስቃን፤ ጨጓራቸውን ያሳነሱ እንግዶች

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ሆሳዕና የሚወርደው መንገድ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ይሻገራል፤ የጢያን ትክል ድንጋዮች፣ ቡኢንና ኬላን አልፎም 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቡታጅራ ያደርሳል። በስተምዕራብ የዘቢዳር ተራራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በርበሬና ጫት፤ ይህ የመስቃን አገር ነው። በአረፋ ሰሞን በዚህ መንገድ የተጓዘ ሰው መኪናው ለምን እንደጠበበ አይጠይቅም። የመርካቶው ነጋዴ፣ የጅዳዋ ሠራተኛ፣ የዱባዩ ሹፌር ሁሉም ወደ ወላጆቹ ደጅ ይጎርፋል።

እኛም ያቀናነው ስለ መስቃን አረፋ፣ ስለ እርዱና ስለ ምርቃቱ ልንጽፍ ነበር። ነገር ግን በእንግድነት በገባንበት ቤት ማዕድ ላይ ያየነው ነገር ሐሳባችንን ወሰደው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ማዕዱ ቢሆንም፣ የሚበዛው ከማዕዱ ተቀምጠው መብላት ስላቃታቸው ሰዎች ነው።

ማዕዱን ለማያውቅ አንባቢ እንንገረው። ከእርዱ ቀን በፊት ሴቶቹ ስንት ደክመው ያሰናዱት ቆጮ ከጎመንና ከአይቤ ጋር፣ ቅቤው ሳይሰሰት ይቀርባል፤ በነጋታው ሥጋውና ክትፎው ይከተላል። እናት ልጇ ስንቴ እንደጎረሰ ትቆጥራለች። «በቃኝ» የሚለው ቃል ለሁለተኛው ዙር ልመና መክፈቻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ከውጭ የመጣ ልጅማ የስንት ዓመት ናፍቆቱን በአንድ ቀን እንዲበላ ይፈለግበታል።

በዚያ ቤት ከሳዑዲ የመጣች እህት አገኘን፤ ስሟን አንጠራም። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው በሥራ ላይ ሳለች ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን አሳንሳለች፤ ለቤተሰቧ ግን አልተናገረችም። ሦስት አራት ጉርሻ እንደወሰደች እጇን ሰበሰበች። እናትየው «ልጄ፣ ምግባችንን ናቅሽው?» አሏት። «አልናቅሁም እማዬ፤ ቦታ የለኝም» አለች። እናትየው ይህን እንደ ሰበብ ነው የሰሙት። ልጃቸው ከስታለች፣ ፀጉሯ ሳስቷል፣ አትበላም። «ክፉ በሽታ ይዟት መጥታ ትደብቀኛለች» እያሉ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው እንደሚያድሩ በጓሮ በኩል ነገሩን።

በሳዑዲ፣ በኩዌትና በኤምሬቶች ይህ ኦፕራሲዮን ከተስፋፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለእኛ አገር ጆሮ ግን እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች 22 በመቶ ያህሉ ከልክ በላይ የቀጠኑ፣ 8 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከልክ በላይ የወፈሩ ሆነው አግኝቷቸዋል። ቅጥነት የችግር፣ ውፍረት የድሎት ምልክት በሆነበት አገር ገንዘብ ከፍሎ ጨጓራ ማስቆረጥ እንደ ጥጋብ ይቆጠራል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ስኳርና ደም ግፊት እያስከተለ ሰውን እንደሚጥል ያየ ግን እንዲህ አይልም።

ኦፕራሲዮኑ በብዛት የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። «ስሊቭ» የሚባለው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ቆርጦ ያወጣል። «ባይፓስ» የሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይቀጥላል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የዕድሜ ልክ ነው፤ በሽተኛው ሲዋዋል ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው። ቫይታሚን ቢ 12 ወደ ደም እንዲገባ የሚረዳውን ነገር የሚያመነጨው ጨጓራ ስለሆነ፣ ጨጓራው ሲያንስ ቫይታሚኑ ይጎድላል። ጉበት ያከማቸው እስኪያልቅ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ የእግር መደንዘዝ፣ የመርሳትና የደም ማነስ ይመጣል። ብረትና ካልሲየምም እንዲሁ ይጎድላሉ። ፈጥኖ የከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊይዘው ይችላል። ማስታወክ የበዛበትም ቫይታሚን ቢ 1 አልቆበት አእምሮውና ነርቩ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ይህ ቀን የማይሰጥ ነገር ነው። ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ወራት ረግፎ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ እንደ እህታችን ከሦስት ዓመት በኋላም ከሳሳ ግን ብረት ወይም ፕሮቲን ጎድሎ እንደሆነ ደም ማስመርመር ያሻል።

ይህን ስንነጋገር አንድ ጎረቤት አባት ሰምተው ሳቁ። እሳቸው በደርግ ዘመን ጨጓራቸው ቆስሎ መውጫው ስለጠበበ አዲስ አበባ ሄደው ተቀደዋል። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ እንደዚች ልጅ ነው የምበላው» አሉ። ሰርግ ቤት ሲጠሩ እንኳ ቀድመው ጥቂት ቀምሰው እንደሚሄዱ፣ ማር የበዛበት ነገር ከቀመሱ ልባቸው እየመታ ላብ እንደሚያጠምቃቸው፣ ጋደም ካላሉ እንደማይለቃቸው አጫወቱን። ሐኪሞች ይህን «ዳምፒንግ» ይሉታል፤ ጣፋጩ ከጨጓራ ወደ አንጀት በአንድ ጊዜ ሲወርድ የሚመጣ ነው። በባይፓስ ይበረታል፤ በስሊቭም አይጠፋም። አንዳንዱን ደግሞ ከበላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የደሙ ስኳር ወርዶ ያንቀጠቅጠዋል።

የሽማግሌውና የልጅቱ ነገር መመሳሰሉ አጋጣሚ አይደለም። ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1881 በቪየና የጨጓራን ክፍል ቆርጦ በማውጣት ከተሳካለት ወዲህ፣ የጨጓራ ቁስል ለብዙ ዘመን በቢላዋ ይታከም ነበር። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ለቁስል ሲባል ጨጓራቸው የተቆረጠ ሰዎች እንደሚከሱ ልብ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያውን ባይፓስ ለውፍረት ሠራ። ቁስሉን በአብዛኛው የሚያመጣው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ተሐዋስ መሆኑን ያሳዩት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ዋረንና ማርሻል እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል፤ ዛሬ ብዙው ቁስል በመድኃኒት ይድናል። ለቁስል ይሠራ የነበረው ኦፕራሲዮን ሲቀንስ ለውፍረት የሚሠራው በዛ ማለት ነው። ስለዚህ እህታችን የምትጠይቀው ሰው ካጣች፣ ከአጥሩ ማዶ አርባ ዓመት የኖሩበት ሰው ነበሩላት።

ወደ ማዕዱ እንመለስ። ቆጮና ቡላ ኃይል ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን በጣም ጥቂት ነው። አራት ጉርሻ ብቻ የሚይዝ ሆድ አራቱንም በቆጮ ከሞላው ሌላው ሁሉ ይቀርበታል። እንግዲህ መጀመሪያ ሥጋው፣ አይቤው ወይም እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ጎመኑ፣ ቦታ ከተረፈ ቆጮው። ክትፎ ተፈጭቶ ስለሚቀርብ ለጠባብ ጨጓራ ይመቻል፤ የኮሶን ነገር ለማስወገድ ግን በደንብ የበሰለው ይሻላል። ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል። ቡና ምግቡን ተከትሎ ከመጣ ብረቱን ያስቀረዋል፤ በመስቃን ቤት «ቡናው ይቆይ» ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ጫትም ያለችውን ጥቂት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራን ግን የራስ ምታት ወይም የወገብ ሕመም ሲነሳ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው፤ በተለይ ባይፓስ ለተደረገ ሰው መጋጠሚያውን አቁስሎ ሊያደማ ይችላል። ለመውለድ የምታስብ እኅትም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እንድትቆይ ሐኪሞች ይመክራሉ።

ጾሙስ? እህታችን ይህን የጠየቀችን በሹክሹክታ ነው። ለታመመ ሰው በሌሎች ቀናት መክፈል በቁርኣን የተፈቀደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ችግሩ ሰው ፊት «ታምሜአለሁ» ለማለት ነው። ሐኪሞች በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት እንዳይጾም ይመክራሉ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የፈቀደለት ሰው ኢፍጣርን በአንድ ቴምርና በጥቂት ውኃ ከፍቶ፣ ሰግዶ፣ ከዚያ ፕሮቲኑን ይቀምሳል፤ እስከ ሱሑር ድረስም ውኃውን ሳያቋርጥ ይጠጣል። ሳምቡሳውና ሽሮፑ ከመጡ ግን ሽማግሌው የነገሩን ላብ ይመጣል።

ቡታጅራ ሰውን ለረጅም ጊዜ መከታተል ምን ማለት እንደሆነ የምታውቅ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በከተማይቱና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት አስመዝግቧል። በዚያው ዓመት በስዊድን ሌላ ክትትል ተጀመረ፤ ከ4000 በላይ ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎች፣ ግማሽ ያህሉ ተቀደው ግማሾቹ ሳይቀደዱ፣ ለዓመታት ተጠኑ። የተቀደዱት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በኋላ ከክብደታቸው የተወሰነውን መልሰዋል፤ ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ውጤት የሞታቸው ቁጥር ካልተቀደዱት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ይህን የምንጽፈው ኦፕራሲዮኑን የሚያወግዙ ሰዎች ስላሉ ነው። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ዋጋውም እውነት ነው፤ ዋጋው ግን ከክፍያው ደረሰኝ ላይ አልተጻፈም።

በሦስተኛው ቀን እህታችን ለእናቷ ተናገረች። እናትየው መጀመሪያ አለቀሱ፤ ቀጥሎ ተቆጡ፤ ከዚያ «ታዲያ ማን ሊያክምሽ ነው?» አሉ። ከሻንጣዋ ከሳዑዲ ሆስፒታል የተሰጣትን ወረቀት አወጣች፤ ሁሉም በዐረብኛ ነው። የሰፈሩ ኡስታዝ ተጠሩና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። የሕክምናው ቃላት አስቸገሯቸው፤ አንዱ ግን ገባቸው። «ተክሚም ይላል። ኩም ማለት የልብስ እጅጌ ነው» አሉና የጀለቢያቸውን እጅጌ ጎትተው አሳዩ። ስሊቭ ማለት ነው። ኡስታዙ ዓይነቱንና ቀኑን በአማርኛ ጻፉላት፤ እናትየው ወረቀቱን አጥፈው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ሰኞ ጠዋት ለደም ምርመራ ሆስፒታል ሊሄዱ ተስማሙ፤ ሽማግሌውም «እኔም ቢ 12 የሚባለውን ተለክቼ አላውቅም» ብለው አብረው ሊሄዱ ተነሱ።