ከአሥራ አንዱ ወዲያ

አንድ ወዳጄ ላሊበላን አይቶ በተመለሰ ማግሥት «ጨርሼው መጣሁ» አለኝ። በጠዋት አውሮፕላን ሄዶ፣ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ተኩል ዞሮ፣ በቤተ ጊዮርጊስ ዳር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነው የተመለሰው። እኔ ደግሞ የኮን ልጅ ነኝና ያቺ «ጨርሼው» የምትባል ቃል ከነከነችኝ። ለመሆኑ መናገሻ ከተማን የሚጨርስ ማን ነው?

ኮንን ለማያውቁ አንባቢያን፣ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ብርድ የማይለያት የዋድላ ከተማ ናት። ዋድላ የሚታወቀው በቅኔው ነው፤ አለዚያም አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ተራራ እያስናዱ ያለፉበት አገር በመሆኑ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ላሊበላ ይገባል። በልጅነቴ የማያቸው የልደት ተጓዦች ግን ቆሎና ዳቦ ቋጥረው፣ በየደረሱበት «የእግዜር እንግዳ» እያሉ እያደሩ፣ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። ከእነርሱ አንዳቸውም «አሥራ አንድ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እነርሱ የሚቆጥሩት በመንገድ ላይ የተሳለሙትን ደብር ሁሉ ነበር።

ደግሞም ልክ ነበሩ። ላሊበላ በዛጉዌ ነገሥታት ዘመን መናገሻ ነበረች። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ የንጉሡን ከተማ አደፋ ብሎ ይጠራታል፤ የአገሩ ሰው ሮሃ ይላታል። የቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ዛሬ የለም። ከዚያ መናገሻ የቀረልን ደብሮቹ ናቸው፤ እነርሱም በአንድ ግቢ አልተሰበሰቡም፣ በላስታ ተራሮች ላይ ተበትነዋል።

ከሁሉ አስቀድሜ የምልከው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። በላሊበላ ያየነው ሁሉ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ይህኛው ግን በሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ የቆመ ግድግዳ ስናይ አክሱም ላስታ ድረስ እንደመጣች ይገባናል። ያሠራው ንጉሥ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ጣሪያው በተጠረበ እንጨትና በቀለም ያጌጠ ነው፤ አንገት እስኪደክም አንጋጦ ማየት ነው። ከጀርባ በኩል፣ በዋሻው ጨለማ ውስጥ፣ የብዙ ሰዎች አጽም ተኝቷል። ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው ይባላል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢውን ሲጎበኝ ስለዚህ ዋሻ ስፋት ሲጽፍ፣ ሦስት ትላልቅ መርከቦች ከነምሰሶአቸው ይገቡበታል ብሏል። ከዚያ ወደ ላሊበላ የአንድ ቀን መንገድ እንደሆነም ጽፏል። እንግዲህ ያ የሩቅ አገር ሰው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በበቅሎ የደረሰበትን፣ የእኛ ዘመን ጎብኚ በመኪና ሳይደርስበት ይመለሳል።

ገነተ ማርያም ሌላ ታሪክ አላት። ዙሪያዋን በዓምዶች የተከበበች የአለት ፍልፍል ስለሆነች ቤተ መድኃኔ ዓለምን ታስታውሳለች። ነገር ግን በግድግዳዋ ላይ የሚነበበው ስም የይኩኖ አምላክ ነው፤ በ1262 ዓ.ም. ዛጉዌን አውርዶ የነገሠው ማለት ነው። አሸናፊው የተሸናፊዎቹን መናገሻ ትቶ አልሄደም፤ እዚያው አጠገባቸው፣ በእነርሱው አሠራር፣ የራሱን አሳነጸ። ስለ ሥርወ መንግሥት መለወጥ የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያች ደብር ያስረዳኝ የለም።

አሸተን ማርያም ለጉልበተኛ ናት፤ ሽቅብ ነው። ነአኩቶ ለአብ ግን ለሁሉም ቅርብ ነው፤ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ ያረጁ የድንጋይ ገበታዎች ይቀበሉታል፤ ጠበልም ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ ማዳመጥ ይበቃል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለአድናቆት ብቻ አይደለም። የከተማው መግቢያ ቲኬት ለእነዚህ ደብሮች አይሆንም፤ ለየብቻ ይከፈላል፤ ያቺም ገንዘብ ለካህናቱ ትልቅ ነገር ናት። በ2012 ወረርሽኙ፣ በ2013 ክረምት ጦርነቱ፣ በ2015 ማብቂያ ደግሞ ሌላው ግጭት መጣ። ጋሸናም ኮንም የጦር ሜዳ ሆነው አይተናል። እንግዳ ሲጠፋ በቅሎ ጎታቹም አስጎብኚውም ሥራ ያጣል፤ የሩቁ ደብር ግን አስቀድሞም የሚያስታውሰው ጥቂት ነበር። ሰላም ሲሆን እንግዳው የሚመለሰው ወደ አሥራ አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ያ ደብር በሰላሙም ጊዜ እንደ ጦርነቱ ነው።

እዚያው ከተማው ውስጥም ሰው የማያያቸው አሉ። በቀይ ድንጋይ የተሠሩት ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ቤቶች ማለቴ ነው፤ ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው፣ ደረጃው በውጭ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩት ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ፤ ቤቶቹ ቀሩ። ባለፈው ስሄድ ከአንዱ ደጃፍ ላይ ወፍጮና መጅ አየሁ፤ የወፍጮው ሆድ እጅ እስኪያስገባ ተጎድጉዷል። በአጠገቤ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ወደ ቤተ ጊዮርጊስ መንገዱ የቱ ነው ብለው ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው።