የዕለት ኑሮ ባለውለታዎች፦ ከካርቱም ለታናሽ እኅቴ

ካርቱም፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ታናሽ እኅቴ፤

ከጎንደር ተነሥቼ መተማ እንደ ደረስሁ አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን ምድር በልቤ ተሳልሜ ድንበሩን ተሻገርሁ፤ ከዚያም የገዳሪፍን ሰፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ አቋርጬ፣ ከወድ መደኒ ወዲህ የአባይን አቅጣጫ ተከትዬ ካርቱም በሰላም ገባሁ። የእኛ አባይ ከነጩ አባይ ጋር የሚገናኝበትን፣ እነርሱ መቅረን የሚሉትንም ስፍራ አይቻለሁ። የወንዙን ነገር ግን ለሌላ ጊዜ ላቆየውና በመጨረሻው ደብዳቤሽ ለጠየቅሽኝ መልስ ልስጥሽ።

መምህርሽ «አርአያ የምትሆንሽን ሴት መርጠሽ ጻፊ» ባለችሽ ጊዜ፣ ንግሥታቱና ጀግኖቹ ሁሉ እጅግ ርቀውና ከፍ ብለው ስለ ታዩሽ፣ «ከእነርሱ ሕይወት ለእኔ ኑሮ የሚተርፈኝ ምንድን ነው?» ብለሽ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የተረዳሁት ነገር ቢኖር የታላቅ ሴት ሥራ ፍጻሜው ልማድ መሆኑን ነው። ተጋድሎዋ ሲፈጸም የተጋደለችለት ነገር የሁሉ ሰው የዕለት እንጀራ ይሆንና፣ በልታ የጠገበችው ልጅ ማን እንደ ጋገረው ሳትጠይቅ ከገበታው ትነሣለች። ይህንም ያስተዋልሁት በእንግድነት ባረፍሁበት፣ በካርቱም አጎራባች በኦምዱርማን ባለ አንድ ቤት ውስጥ፣ አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አይቼ ነው። ዘመኖቹን እዚህ እንደሚቆጠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌልሻለሁ።

አያትየዋን ሁሉም ሐቡባ ብለው ይጠሯታል፤ በጉልበቷ ዘመን አዋላጅ ነበረች። አንድ ማታ ከአልጋዋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አስወጥታ ከፈተችልኝ። በውስጡ መቀስ፣ የጥፍር ማጽጃ ብሩሽ፣ የሳሙና ማስቀመጫና ባዶ የሆኑ ትንንሽ ጠርሙሶች በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ነበር። የተማረችበት የኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት በ1920ዎቹ መባቻ፣ ሱዳን በእንግሊዝ ሥልጣን ሥር ሳለች፣ ሜብል ዎልፍ በምትባል እንግሊዛዊት የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርት ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች ስለ ነበሩ መድኃኒቱን የሚለዩት ጽሕፈቱን በማንበብ ሳይሆን በቀለሙ፣ በጠረኑና በጣዕሙ ነበር። እነዚያ ሴቶች ሣጥናቸውን ተሸክመው ከመንደር ወደ መንደር ባይሄዱ ኖሮ ስንት እናትና ስንት ሕፃን በምጥ በቀሩ ነበር! ስማቸው ግን በሐውልት ላይ አልተቀረጸም፤ የተቀረጸው በሕይወት በተረፉት ሰዎች ትንፋሽ ላይ ነው።

እናትየዋ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ በየወሩ አበሏን ተቀብላ ስትመለስ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ራሷ ቆጥራ ትመድባለች። ይህ ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ በዚህ አገር ግን ቀደም ባለው ዘመን ያገባች ሴት ቋሚ ሥራዋን ትታ በየወሩ በሚታደስ ውል ብቻ እንድትሠራ ትገደድ ነበር፤ ደመወዟም ከወንዱ ያነሰ ነበር። ያን ሥርዓት ለመሻር ከተጋደሉት ሁሉ ፊተኛዋ ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም ናት። ገና በኦምዱርማን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለች፣ የሳይንስ ትምህርት ቀርቶ በምትኩ የቤት አያያዝ እንዲሰጣቸው በታዘዘ ጊዜ ጓደኞቿን አስተባብራ አድማ መታች፤ ትምህርቱም ተመለሰላቸው። በ1952 የሱዳን ሴቶች ኅብረት ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች፤ በ1955 «ሳውት አል መርአ»፣ ማለትም «የሴት ድምፅ» የተባለውን መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረች፤ በ1965 ደግሞ በሕዝብ ምርጫ ወደ አገሯ ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዪቱ ሴት ለመሆን በቃች። የእኛዪቱ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957 ተመርጠው ምክር ቤት ገብተው ስለ ነበር፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ትውልድ ውስጥ አንድ መንገድ የሄዱ መሆናቸውን ሳስብ ልቤ በኩራት ይሞላል። በሱዳንም በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝና የጡረታ መብት ተገኘ፤ የወርሃዊው ውል ሥርዓትም ቀረ።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በ1971 የፋጢማ ባለቤት፣ የሠራተኞች መሪ የነበረው ሻፊዕ አሕመድ አል ሼክ፣ በኒሜሪ መንግሥት በሞት ተቀጣ፤ እርሷም ከቤቷ እንዳትወጣ ተደረገች፤ ኋላም ለብዙ ዘመን ተሰደደች። በ2017 በለንደን ባረፈች ጊዜ አስከሬኗ ወደ አገሯ ተመልሶ በብዙ ሕዝብ ታጅቦ ተቀበረ። የዚያች ሴት መከራ ዛሬ በዚህ ቤት የወር አበል፣ የሽንኩርትና የስኳር መግዣ ሆኖ ሳየው፣ ታላቅነት ወደ ጓዳ ድረስ ሊወርድ እንደሚችል ተረዳሁ።

የእናትየዋ ልጅ፣ ወዳጄ፣ በአሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትማራለች። የዚህ ተቋም ሥር የተተከለው በ1907 ነው፤ ባቢከር በድሪ የተባሉ አባት ዘጠኝ የራሳቸውን ቤት ልጆችና ስምንት የጎረቤት ልጆች ሰብስበው በሩፋዓ ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1966 ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በኦምዱርማን የአሕፋድን ኮሌጅ ሲመሠርቱ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 23 ብቻ ነበሩ። ወዳጄ ነጭ ካፖርቷን ስትለብስ የምታነሣት ሌላ ሴት አለች፤ እርሷም በ1952 ከአርመናዊቷ ከዛሩሂ ሳርኪስያን ጋር በሱዳን ከሴቶች ሁሉ ቀድማ በሕክምና የተመረቀችው ኻሊዳ ዛሂር ናት። ሐቡባም የልጅ ልጇን የማዳመጫ መሣሪያ በአንገቷ ላይ አጥልቃ ባየቻት ቁጥር፣ የቆርቆሮ ሣጥኗ ሊቅ እንደ ወለደ ቈጥራ ትመርቃታለች።

ይህች ወዳጄ ጧት ሱሪዋን ለብሳ ሻሿን ጣል አድርጋ አብረን ወደ አውቶቡስ ስንወጣ ማንም ዘወር ብሎ አያየንም። በ2009 ግን ጋዜጠኛዪቱ ሉብና ሑሴን ሱሪ በመልበሷ ከሌሎች ሴቶች ጋር በካርቱም ምግብ ቤት ተይዛ ነበር፤ በሕጉ እስከ 40 ግርፋት ሊፈረድባት ሲችል፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥራዋ የነበራትን ከለላ ትታ ፍርድ ቤት ቆመች፤ መቀጮውንም አልከፍልም ብላ ወኅኒ ገባች፤ በማግሥቱ የተፈታችው ሌሎች ስለ ከፈሉላት ነው። ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ባለፈው ኅዳር ወር፣ ሴቶችን ሲያሸማቅቅ የኖረው የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተሻረ። በወንጀለኛ መቅጫው ውስጥ ያለው የአለባበስ አንቀጽ ገና ስላልተነሣ ሴቶቹ ትግሉ አለቀ አይሉም። ሆኖም ባለፈው ሚያዝያ ፕሬዚዳንት አል በሽር ከሥልጣን ከወረደ ወዲህ የታየው ለውጥ ብዙ ነው፤ ዓኢሻ ሙሳና ክርስቲያኗ ራጃእ ኒኮላ በ11ዱ የሉዓላዊ ምክር ቤት አባላት መካከል ተቀምጠዋል፤ ኒዕማት ዐብደላ ኸይርም፣ በአገራችን ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በሆኑ በዓመቱ ገደማ፣ የሱዳን ዳኞች የበላይ ሆነው ተሾመዋል።

በየጎዳናው ዳር ደግሞ «ሲት አሻይ» የሚሏቸው ሻይ ሻጮች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ናቸው። ዴም በሚባለው ሰፈር ከአርማጭሆ የመጣች አንዲት እኅት ዘንድ እየሄድሁ እቀመጣለሁ። ከሰሉን አራግባ፣ ቡናውን ቆልታ ከዝንጅብል ጋር ወቅጣ ጀበናውን ትጥዳለች፤ በዝቅተኛዎቹ ወንበሮች ላይ ለተቀመጡት ደንበኞች በዐረብኛ፣ ለእኔ በአማርኛ እየመለሰች፣ የስኳሩን መጠን ከእያንዳንዱ ሰው ፊት ታውቀዋለች። በዚያች ጀበና ሁለት ልጆች ጎንደር ይማራሉ። ቀድሞ ደንብ አስከባሪዎች በድንገት እየደረሱ የእንዲህ ያሉትን ሴቶች ዕቃ ጭነው ይሄዱ ነበር። ከኑባ ተራሮች አገር የመጣችው ዐዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ፣ ራሷም ሻይ ሻጭ ስትሆን፣ ምግብና ሻይ ሻጮቹን በኅብረት ሥራ ማኅበር ሰብስባ ጠበቃ እንዲቆምላቸው ያደረገች ናት፤ በዕዳ ምክንያት እስከ መታሰር ደርሳ ከሥራዋ አላፈገፈገችም፤ በ2016 በዋሽንግተን ከዓለም ደፋር ሴቶች አንዷ ተብላ ተሸለመች። ሽልማቱን የሰጡት ታላላቆች ናቸው፤ ፍሬውን የሚለቅሙት ግን ከከሰል ምድጃ ጎን የተቀመጡት ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብሔራዊ ቤተ መዘክሩን ጎበኘሁ። ከፋራስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተነሥተው ከመጡት ሥዕሎች መካከል የንጉሥ እናት ማርታ በእመቤታችንና በልጇ ጥበቃ ሥር ቆማ ትታያለች፤ ኑቢያ የክርስቲያን አገር እንደ ነበረች በዚያ ታስተውያለሽ። ከዚያም በፊት በመርዌ ንግሥታት ነግሠዋል፤ መዐርጋቸው ከንዳኬ ሲሆን በግብረ ሐዋርያት ጃንደረባዋ የተጠመቀላት ህንደኬ የምትባለው በዚሁ መዐርግ ነው። ከእነርሱ አንዷ አማኒሬናስ የሮምን ሠራዊት ገጥማለች። አል በሽርን ባወረደው የተቃውሞ ሰልፍ ላይ ነጭ ቶብ ለብሳ ከመኪና ጣሪያ ላይ ቆማ ሕዝቡን ያዘመረችውን የ22 ዓመቷን ተማሪ አላእ ሳላሕን ዓለም ሁሉ «ከንዳካ» ብሎ ጠርቷታል፤ ፎቶግራፏን በእጅ ስልኳ ያነሣችውም ላና ሃሩን የተባለች ሴት ናት። አላእ የለበሰችው ነጭ ቶብ የሱዳን ሠራተኛ ሴቶች፣ ይልቁንም መምህራቱና ነርሶቹ፣ በየቀኑ ወደ ሥራ የሚሄዱበት ልብስ ነው። የጥንቷ ንግሥት ስም በእናቶች የሥራ ልብስ ላይ ዐረፈ።

እንግዲህ እኅቴ ሆይ፣ ለመምህርሽ ስትጽፊ ሩቅ አትሂጂ። ከማለዳ እስከ ምሽት የምታደርጊውን በቅደም ተከተል መዝግቢ፤ ትምህርት ቤት መሄድሽን፣ ስትታመሚ ሐኪም ዘንድ መቅረብሽን፣ የጋብቻሽን ጊዜ ራስሽ መወሰንሽን ሁሉ ጻፊ። ከዚያም በየአንዳንዱ ፊት «ይህን ልማድ ያደረገችልኝ ማን ናት?» ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዱን ከመጽሐፍ ታገኚዋለሽ፤ ሌላውን ግን ከአያታችን አፍ ነው የምትሰሚው፤ በሰፈራችን ሴት ልጇን ከሁሉ ቀድማ ፊደል ያስቆጠረችውን፣ ስለዚህም የተሰደበችውን ሴት ታውቃታለችና። ስሟን ጠይቀሽ ከንግሥታቱ ስም እኩል ጻፊው። በመጨረሻም ከአንቺ በኋላ የምትመጣዋ ልጅ ያለ ድካም የምታገኘውን አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ አስቢና ሥራሽን ከዚያ ጀምሪ፤ የባለውለታ ብድር የሚከፈለው እንዲህ ነውና።

ለእናትና አባታችን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ አያታችንም በጸሎቷ አትርሳኝ። ለጾመ ነቢያት ፍጻሜ፣ ለጌታችን ለብርሃነ ልደቱም በሰላም ያድርሳችሁ።

የምትወድሽ እኅትሽ