ክብና ማዕዘን

ከሶዶ ተነሥቶ በብላቴ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ ሰው ዲምቱ ላይ ጣሪያዎቹን ልብ ይበል። የአስፋልቱ ዳር ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። ገባ ሲሉ ግን አልፎ አልፎ ሣር የለበሰው ረጅሙ የወላይታ ክብ ቤት አሁንም አለ።

እነዚህ ሁለት ጣሪያዎች ስለ ዘመናዊነት እንዳስብ ያደርጉኛል። ዘመናዊነት በኪነ ጥበብ ሲነሣ ወሬው ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ይቀራል፤ አፍሪካ አዳራሽ፣ የአፈወርቅ ተክሌ መስታወት። ወላይታ ግን ዘመናዊነትን ያገኘው በጸሎት ቤት በኩል ይመስለኛል። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. መጡ፤ በ1929 ጣሊያን ሲያስወጣቸው የተጠመቀው ምእመን ሃምሳ እንኳ አይሞላም ነበር። ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው። ያሰፋው የአገሬው ሰው ራሱ ነው። ከሚሲዮኖቹም በፊት ከጋሞ የተነሣው ኢሳ ላሌ ጣዖት ትታችሁ ወደ ሰማዩ አምላክ ወደ ጦሳ ጸልዩ እያለ ሰብኳል። ስለዚህ አዲሱ አስተሳሰብ ከባሕር ማዶ ብቻ መጣ ሲባል አልቀበልም።

ከዚያ እንቅስቃሴ በተወለደችው በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ቤት ውስጥ ሥዕል የለም፤ አግዳሚ ወንበር፣ መድረክ፣ ባዶ ግድግዳ። እዚያ ስቀመጥ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ትዝ ይለኛል። አባቱ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ልጁ ከጀርመን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲሥል ስቅለቱን በቀይ ቀለም እንዲናገር አደረገ። ሠዓሊው የለመድነውን መልክ የቀነሰው ዓይን ሕመሙን እንዲያገኘው ነው፤ ጸሎት ቤቱ ደግሞ ጆሮ ቃሉን እንዲሰማ። መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም በመቀነስ አምነዋል፤ ድፍረታቸውን እወድደዋለሁ።

የሚቆጨኝ ክቡ ነው። አርክቴክቱ ሄንሪ ሾሜት የንግድ ባንክን የቀድሞ ዋና መሥሪያ ቤት በአዲስ አበባ ክብ አድርጎ ሲያቆም ዘመናዊ ተባለ፤ የእኛ ገበሬ ግን ለመዘመን ክቡን ትቶ ወደ ማዕዘን ሄደ። አልፈርድበትም። የእርሻ መሬት ሲጠብ የክዳን ሣር ከየት ይመጣል? ቆርቆሮ በየጊዜው ክደነኝ አይልም። ነገር ግን በዲምቱ ሙቀት ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሥር መቀመጥ ከባድ ነው፤ ዝናብ ሲወርድበትም የሰባኪው ድምፅ አይሰማም። ለቃል የተሠራ ቤት ቃሉን ሲውጥ ያሳዝናል። ከሶዶ አንድ ወጣት አርክቴክት ተነሥቶ ከፍ ያለ ጉልላትና ወፍራም ክዳን ያለው ክብ ጸሎት ቤት ቢሞክር፣ የመጀመሪያውን እሑድ እዚያ ሆኜ ስብከቱን ከኋላ ወንበር መስማት እፈልጋለሁ።