የሽንኩርቱን አንገት ሳትገልጡ አትርጩ

ሰሞኑን ከመቂም ከባቱም፣ ከቆቦም ከፎገራም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ትሪፕሱ አልሞት አለኝ፣ ምን ልርጭበት?» መልሱ በአንድ የመድኃኒት ስም የሚያልቅ ስላልሆነ እዚሁ ልጻፈው።

ማሳችሁ ግቡና አንድ ሽንኩርት ያዙ። አዲሱ ቅጠል የሚወጣበትን የውስጡን አንገት በጣታችሁ ገለጥ አድርጉት። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞሉ፣ ቢጫ፣ ቀጫጭን ነፍሳት ወደ ውስጥ ሲሸሹ ታያላችሁ፤ ትሪፕስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዓይናችሁ ካልለየው ከሥር ነጭ ወረቀት ዘርግታችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት፤ ወረቀቱ ላይ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ቅጠሉ ላይ የምታዩት ብርማ ጭረት ቧጥጠው የመጠጡት ቦታ ነው። በአጠገቡ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ኩሳቸው ነው።

እንግዲህ የምትረጩት የት እንደሚያርፍ አስቡት። የሽንኩርት ቅጠል ሰም የለበሰ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ ጠብታው ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል። እንቁላሉ ቅጠሉ ውስጥ ተቀብሯል። ወደ ክንፋምነት የሚለወጠው ደግሞ ምንም ሳይበላ አብዛኛውን ጊዜ አፈር ውስጥ ይቆያል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚገናኘው ጥቂቱ ብቻ ነው። ሙቀት ሲበረታ ሁለት ሦስት ሳምንት ለአንድ ትውልድ ይበቃል፤ ሴቷ ያለ ወንድ ትራባለች። ያንኑ መድኃኒት እየደጋገማችሁ ስትረጩ የሚተርፈው የቻለው ነው፣ የሚራባውም እሱ ነው። እንደ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያሉትን የፓይሬትሮይድ ወገኖች በብዙ አገር የለመዳቸው በዚህ መንገድ ነው። ትሪፕስ የሚበሉት ጥንዚዛዎችና ሌሎች ነፍሳት ግን በመጀመሪያው ርጭት ያልቃሉ።

በየሳምንቱ ቀን ቆጥሮ መርጨት የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ማንኮዜብ ጨምሮ «አጠንክሬዋለሁ» የሚልም አለ። ማንኮዜብ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ትሪፕስ አይገድልም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የሚረጨው ልጅ ነው። ጓንት የለው፣ አፉን የሚሸፍንበት የለው፣ የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ነገ ሌላ ማሳ ይረጫል። ሱቁ መድኃኒት ሲሸጥላችሁ የእሱን ሳምባ አላሰበም። እናንተ ግን አስቡለት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሃያ ያህል ሽንኩርት ከተለያየ የማሳው ጥግ እየገለጣችሁ ቁጠሩ። በአማካይ በአንድ ቅጠል ከ1 እስከ 3 ሲደርስ ነው ስለ መድኃኒት የሚታሰበው፤ ጥቂት ስላያችሁ አትደንግጡ። ይበልጥ የምትሠጉት ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ሲጀምር ይሁን፤ ያኔ ቅጠል ከተጎዳ ራሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ቅጠሉ ከተኛ በኋላ መርጨት ግን ገንዘብ መጣል ነው፣ በዚያ ላይ መርዙ ገበያ ድረስ ይሄዳል። ስትረጩ ማጣበቂያ ጨምሩ፣ ውኃ አትቆጥቡ፣ ኖዝሉን ወደ አንገቱ አውርዱት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ወገኑ የተለየ መድኃኒት ተጠቀሙ። ስሙ ተለውጦ ውስጡ ያው የሆነ ብዙ ስላለ የዕቃውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የንግድ ስሙን ትታችሁ ንጥረ ነገሩን ፈልጉ።

የበለጠ ተስፋ የማደርገው ግን መርጫ በማይነካው ሥራ ነው። በመስመሮቹ መካከል ጭድ ማልበስ ትሪፕስን እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል፤ እርጥበቱንም ይይዝላችኋል። ውኃ የተጠማ ሽንኩርት ቶሎ ይጎዳል። ዩሪያ ያለ ልክ የጠጣም ቅጠሉ ለስላሳና ለምለም ስለሚሆን ይስባቸዋል፤ ስለዚህ በልክ፣ ከፋፍላችሁ ስጡት።

አሁን መደብ የምታዘጋጁ ደግሞ ጎረቤታችሁን አነጋግሩ። ሊነቀል የደረሰ ሽንኩርት አጠገብ ለጋ ችግኝ ከተተከለ፣ አሮጌው ሲደርቅ ትሪፕሱ በሙሉ ወደ ለጋው ይገለበጣል። በቦይ ተገናኝታችሁ የምትጠጡ ሰዎች የምትተክሉበትን ሳምንት ብትስማሙ፣ ካልሆነም በመካከል በቆሎ ብታስገቡ፣ የብዙ ርጭት ወጪ ይቀርላችኋል። በእናንተ ቦይ ላይ እንዲህ ተስማምቶ የተከለ ካለ እንዴት እንደሆነለት ከታች ጻፉልኝ፤ ለጠየቁኝ ሁሉ ማሳየት እፈልጋለሁ።