ማንጎ በአምቦ ብርድ

እንደሚታወቀው ማንጎ የቆላ ተክል ነው። ጥንተ አገሩ ሕንድና በአካባቢዋ ያሉ ሙቅ አገሮች ናቸው። ከተማችን አምቦ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ወይና ደጋ ናት። ስለዚህ በግቢያችን ሦስት የማንጎ ችግኞች ሲተከሉ ያዩ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ልጄ፣ ይህ የገሞጂ ዛፍ ነው፤ በከንቱ አትድከም» ቢሉኝ አልፈረድሁባቸውም።

ችግኞቹን የላከችልን ባኮ ያገባችው ታላቅ እኅቴ ናት። ባኮ ከጌዶ ደጋ ወርደን የምናገኛት፣ ከአምቦ በ450 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ከተማ ስትሆን ማንጎ ይስማማታል። እናቴ በአምቦ ገበያ ፍራፍሬ ትቸረችራለች። በጭነት መኪና የሚመጣውን ማንጎ በጅምላ ገዝታ ስትዘረጋ፣ ከታች ያለው ተጨፍልቆ ይገኛል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ሳይሸጥ ይበሰብሳል። ትርፉ ከኪሳራው ጋር ሲተያይ ለእኔ ደብተር፣ ለታናናሾቼም ጫማ የሚሆን አይገኝም። ከደጇ የምትለቅመው አንድ ዛፍ እንኳ እንዲኖራት የተመኘችው ስለዚህ ነው፤ እኔም ነገሩን እንደ ጨዋታ አልቆጠርሁትም።

በመጀመሪያ የተረዳሁት ነገር ክረምት የሚለው ቃል ሊያታልል እንደሚችል ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት «ማንጎ በክረምት ይሸፈን» ሲሉ የእነርሱን የብርድ ወራት ማለታቸው ነው። የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ሲሆን ሰማዩ ደመና ለብሶ ስለሚያድር የምድር ሙቀት ፈጥኖ አያመልጥም። ለማንጎ የሚያሰጋው በጋው ነው። ይኸውም ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት በሚደምቁበት ሌሊት፣ ምድር ቀን የቋጠረችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች። አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ለሰው ነው፤ ለማንጎ አጥንት የሚሆነው ጆንያ ነው።

የማንጎ ችግኝ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ማደጉን ያቆማል፤ ውርጭ ከመታው ደግሞ ይሞታል። ቀዝቃዛ አየር ከሙቁ ይከብዳልና እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ በሁሉቃ ወንዝ ዳር ያለው አፈር ቢያምርም፣ ጎድጓዳው ሌሊት የብርድ ማጠራቀሚያ ነው። እኛ የተከልነው ከቤታችን ምዕራባዊ ግድግዳ አጠገብ ነው፤ የጭቃው ግድግዳ የከሰዓቱን ፀሐይ ጠጥቶ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ማታ ማታ በችግኙ ዙሪያ አራት እንጨት ተክዬ ጆንያ እጥልበታለሁ፤ ጆንያው ቅጠሉን መንካት የለበትም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አነሣዋለሁ። እርጥብ አፈር ከደረቅ የበለጠ ሙቀት ስለሚይዝ በቀትር ውሃ አጠጣለሁ። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ፍግ አልጨምርም፤ ፍግ ለጋ ቅጠል ያወጣል፣ ለጋውንም ብርድ ይቀድመዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከሦስቱ ሁለቱ በሕይወት አሉ። ሦስተኛውን የጨረሰው ብርድ ሳይሆን ፍየል ነው፤ ስለ ፍየል ግን መጽሐፍ ውስጥ ያገኘሁት ምክር የለም።

በጣም የገረመኝ ብርድ ጠላት ብቻ አለመሆኑ ነው። ማንጎ አበባ እንዲያወጣ የሚቀሰቅሰው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው፤ አበባው ከፈነዳ በኋላ ግን ያው ቅዝቃዜ የወንዴውን ዱቄት ያደክመዋል፤ ፍሬውም ሳይዝ ይረግፋል። እንግዲህ በአምቦ የሚያምር አበባ ማየት ማንጎ መብላት ማለት አይደለም። ቢሆንም በደቡብ እስፔን፣ በማላጋ ባሕር ዳር፣ ተራሮች የሰሜኑን ነፋስ ስለሚከላከሉላቸው ገበሬዎች ማንጎ አምርተው ይሸጣሉ። ተራራ የሚሠራውን ሥራ ግድግዳ በትንሹ ሊሠራ ይችላል ብዬ የማምነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ችግኝ ከምዕራብ ለምታስመጡ አንባብያን አንድ ነገር ልጨምር። በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ ነጭ የማንጎ ቅርፊት ነፍሳት ታይቷል። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን ችግኝ አትቀበሉ።

ችግኞቹ የተዳቀሉ ስለ ነበሩ ዘንድሮ በአራተኛ ዓመታቸው በጥር አበቡ። በመጋቢት አንደኛው ዛፍ ባቄላ የሚያክሉ ሃያ ያህል ፍሬዎች ያዘ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ በሰጠሁበት ዕለት የቀሩት ሰባት ናቸው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ትቆጥራቸዋለች፤ ለደንበኞቿ ግን እስካሁን አልነገረችም።