ለመጽሐፍ ጠጋኟ ልጄ

ልጄ ሆይ፣ በስልክ «ማስተርሴን ይዤ ለንደን ውስጥ ካርቶን ስቆርጥ እውላለሁ» ስትዪኝ ከፍቶሽ እንደነበር ከድምፅሽ አውቄያለሁ።

አያትሽ ዳዊታቸውን ያለ ማኅደር ከቤት አውጥተው አያውቁም። ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የሚጫነው ሲያጣ ይጠማዘዛል። አባቶች በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ጠርዘው፣ ማኅደር ውስጥ ከተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ወደው አይደለም። አንቺ በልኩ የምትቆርጪለት አሲድ የሌለው ካርቶንም ያው የማኅደር ሥራ ነው። ታዲያ ምኑ ያሳፍራል?

መርፌና ሙጫ ለመያዝ መቸኮልሽ ይገባኛል። ግን እዚሁ ደብራችን ዕቃ ቤት ውስጥ የተቀደደ ቅጠል በስኮች የተለጠፈበት መጽሐፍ አለ። ሙጫው ቢጫ ሆኖ ብራናው ውስጥ ሰርጓል፤ ስኮቹ ሲነሣ ፊደሉንም ይዞ ይነሣል። ከዚያው መጽሐፍ ሌላ ገጽ ላይ የጥንቱ ሰው ቀዳዳውን በክር ሰፍቶታል፤ ያ ግን ዛሬም ቢሆን ተፈትቶ እንደገና ሊሰፋ ይችላል። መምህሮችሽ በስንዴ ስታርች ለጥፉ የሚሏችሁ፣ በእርጥበት መልሶ ስለሚለቅ አይደል?

ስለዚህ መዝገብሽ ላይ ያደረግሽውን ብቻ ሳይሆን፣ አይተሽ የተውሽውንና የተውሽበትን ምክንያትም ጻፊ። ከሥሩም ስምሽን አኑሪ። ለንደን መሆንሽም ከንቱ አይደለም፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት ዛሬ እዚያው ከተማ፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ቢመለሱልን ደስታዬ ነው፤ እስከዚያው ግን በቆዳው ላይ ያለውን ድጉስ አይቶ የጠራዡን እጅ የሚያውቅ ያገር ልጅ አጠገባቸው ቢኖር አልጠላም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እንነጋገር። «ለልምድ ይሆንሻል» እያሉ ያለ ደመወዝ የሚያሠሩትን እሺ አትበዪ፤ የቤት ኪራይ በልምድ አይከፈልም። የስድስት ወር ውልሽ እስኪያልቅ አትጠብቂ፤ ገና ሁለት ወር ሲቀረው አለቃሽን ፊት ለፊት ጠይቂያት። ካላራዘመችልሽ የምስክር ወረቀትና የሠራሻቸውን ፎቶዎች የመጠቀም ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበያት። ያንን ሳትይዢ እንዳትወጪ።

እናትሽ በርበሬ በሰው ልካለች፤ ስልክሽን ክፈቺ።

አባትሽ