ደመወዝ ይቅደም ወይስ ውል?

በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለ ገበሬ፣ የፋርጣም ይሁን የጋይንት፣ የሰው ጉልበት የሚያገኝባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንዱ ደቦ ነው፤ ጠሪው ጠላ ይጠምቃል፣ እንጀራ ያስጋግራል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ቀን አጭዶለት ይሄዳል። ሌላው ወንፈል ነው፤ ለጎረቤቱ ያረሰው አንድ ቀን በአንድ ቀን ይመለስለታል። በደቦ የድግሱን ልክ የሚወስነው የጠሪው ልግስና ነው። ወንፈል ግን ሂሳብ አለው፤ ቀን ተበድሮ ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው እርሻ ብቻውን ይቀራል።

ይህን ልዩነት ይዞ የአውሮፕላን አብራሪዎችን የደመወዝ ክርክር ማየት ብዙ ነገር ያጠራል።

አብራሪዎች ከአሠሪያቸው ጋር ለኅብረት ስምምነት ሲዘጋጁ መጀመሪያ የሚከራከሩት እርስ በርሳቸው ነው። ወጣቱ ረዳት አብራሪ "መነሻ ደመወዙ ይጨመር" ይላል። ልጆች ያሳደገው ካፒቴን "እረፍቱና የበረራ መርሐ ግብሩ ይስተካከል" ይላል። ወደ ጡረታ የተጠጋው ደግሞ "የጡረታው ነገር ይታሰብበት" ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው። ድርድር ላይ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ያገኘ የለም፤ ስለዚህ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ነው።

እንበልና ከነፋስ መውጫ ተነሥቶ ረዳት አብራሪ የሆነ ልጅ አለ። ቤተሰቡ ከእሱ ይጠብቃል፣ ታናናሾቹን ያስተምራል፣ አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር በወራት ውስጥ በዶላር ሲመዘን ግማሽ ዋጋውን ሲያጣ አይቷል። ይህን ልጅ "ገንዘቡ ይቆይ፣ መጀመሪያ ስለ እረፍትና ስለ ውል አንቀጽ እንነጋገር" ማለት ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ጥያቄው ስግብግብነት አይደለም፤ ወር የመድረስ ጉዳይ ነው።

ቢሆንም የእረፍት ጉዳይ ከደመወዝ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄደ። ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር፣ የቀሰቀሳቸውም አውቶ ፓይለቱ ሲለቅ የጮኸው ማንቂያ እንደሆነ በወቅቱ በሰፊው ተዘገበ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ አየር መንገዱም ከመቆጣጠሪያው ጋር ግንኙነት ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ አብራሪዎቹን ምርመራው እስኪያልቅ ከበረራ አነሣ። የአብራሪ እንቅልፍ የአብራሪው የግል ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በአሜሪካ የሆነው የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች አለቁ። የረዳት አብራሪዋ የዓመት ደመወዝ 16,000 ዶላር አካባቢ ነበር። በዚያ ገንዘብ በሥራ ቦታዋ አጠገብ ቤት መያዝ ስላልቻለች የምትኖረው በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ በሲያትል አካባቢ ከወላጆቿ ጋር ሲሆን፣ ለዚያ በረራ የደረሰችውም ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ ነው። ከአደጋው በኋላ የወጣው ደንብ ለአብራሪ ከሥራ በፊት ቢያንስ 10 ሰዓት እረፍት ደነገገ። የደመወዝ ማነስና የእንቅልፍ ማጣት በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገናኙ በዚህ ይታያል።

የጎረቤት ኬንያ አብራሪዎች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሥራ ሲያቆሙ ዋናው ጥያቄያቸው አዲስ የደመወዝ ጭማሪ አልነበረም። በኮሮና ዘመን የተቋረጠው የጡረታ መዋጮ እንዲመለስና የተያዘው ደመወዝ እንዲከፈል ነው የጠየቁት። የተጣሉት ስለ ተጻፈ ነገር ነበር። የአሜሪካው ዴልታ አብራሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2023 በጥቂት ዓመታት ተከፋፍሎ የሚደርስ 34 በመቶ ጭማሪ ሲያገኙ፣ ዜናው ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሮጠ። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ግን በአገሪቱ ሕግ አዲሱ ስምምነት እስኪፈረም አሮጌው ጸንቶ መቆየቱ ነው። አሠሪው እስከዚያው የፈለገውን መቀነስ አይችልም፤ ሠራተኛውም ከዜሮ አይነሣም።

በእኛ አገር ነገሩ የከበደበት ምክንያት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአየር ትራንስፖርትን ከሆስፒታል፣ ከመብራትና ከውኃ አገልግሎት ጋር አንድ ላይ መድቦታል። በእነዚህ ሥራ ማቆም አይፈቀድም፤ የጋራ ክርክራቸው የሚቀርበው ለጊዜያዊ ወሳኝ ቦርድ ነው። በዚህ ላይ ትልልቅ ጄቶችን የሚያበር ሰው በአገር ውስጥ የሚቀጠርበት በር በተግባር አንድ ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ ዘጠኙ ታሰሩ፤ ቦታው በጡረተኞችና በሌሎች ባለሙያዎች ተሸፈነ።

አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሙያ ምን እንደሚመስል ደብረ ታቦር ከሁሉም በፊት አይታዋለች። ከከተማዋ አጠገብ ባለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለእጆችን አስፍረው መድፍ አሠሩ። ሰዎቹ መጀመሪያ "አናውቅበትም" ብለው ነበር፤ ተገደው፣ ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ በመጨረሻ ታላቁን ሴባስቶፖልን አወጡ። ንጉሡ አልነፈጓቸውም፤ ሸለሟቸው፣ አከበሯቸው። መሄድ ግን አይችሉም ነበር። የወጡት መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ነው። ሽልማታቸው ብዙ፣ ውላቸው ግን ባዶ ነበር።

"አብራሪ ከደብረ ታቦር መምህር ስንት እጥፍ እየበላ ምን ይጮኻል?" የሚል ይኖራል። ቅሬታው ይገባል። ግን የመምህሩና የነርሷ ችግር ከአብራሪው የተለየ ሥር የለውም። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታሰሩ። ከወራት በኋላ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ጭማሪው ለብዙ ቤት እፎይታ ነው። ሆኖም በመግለጫ የመጣ ጭማሪ ነው፤ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የፈረመበት አይደለም። ኑሮው እንደገና ሲወደድ መቼና በምን ስሌት እንደሚከለስ የሚያስገድድ ፊርማ ከሌለ፣ እንደገና መግለጫ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። አንደኛ፣ ውሉ፦ ማን ይደራደራል፣ ስምምነቱ በየስንት ጊዜ ይከለሳል፣ አዲሱ እስኪፈረም አሮጌው ይጸናል ወይ፣ የተወከለ ሰው በመናገሩ ብቻ ከሥራ ይባረራል ወይ። ሁለተኛ፣ እረፍቱ፣ የሚመለከተው ተሳፋሪውንም ነውና። ሦስተኛ፣ የብሩ መጠን። ይህ የነፋስ መውጫውን ልጅ "ታገሥ" ማለት አይደለም፤ ሦስቱም በአንድ ሰነድ ይቀርባሉ። ጠረጴዛው ጠቦ አንዱ መልቀቅ ሲኖርበት ግን ከቁጥሩ ጥቂት ይቀነስ እንጂ ከውሉ አንቀጽ አይነካ። ቁጥሩን የገበያ ዋጋ በአንድ ክረምት ሊበላው ይችላል፤ ጥሩ አንቀጽ ያለው ውል ግን በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ቁጥር መልሶ ያስጠይቃል። አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህም ይሠራል።